ሚስቴን ለማስተኛት የተከልኩት የቡና ማፍያ

የጋምቤላን ሙቀት ለደጋ ሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ያመኑኝ ደግሞ ሊጠይቁኝ አይመጡም። ሻማ ገዝተህ ጠረጴዛ ላይ ብታቆም፣ ክብሪት ሳታስነካው ከሰዓት በኋላ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ታገኘዋለህ። ይሄ እውነት ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ደግሞ ትንሽ ቀንሳችሁ ያዙልኝ፤ እዚህ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሙቀቱ ነገር ያሳብጥብኛል።

የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ ጨዋ ቆርቆሮ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። በዚያ ሰዓት ከሥሩ ተኝቶ የሚገኝ ሰው ወይ ሞቷል ወይ አዋላጅ ነው።

ሚስቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ማታ ወጥታ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ትመለሳለች። የዚህ ከተማ ሕፃናት ገና እናታቸው ሆድ ውስጥ ሳሉ ስለ ሙቀቱ ሰምተው ነው መሰለኝ ቀን መወለድ አይወዱም፤ ሁሉም ሌሊት ሌሊት ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሚስቴ የምትተኛባት ጊዜ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያለችው ብቻ ናት። ግቢያችን ቡና የሚጠጣውም ያን ጊዜ ነው።

ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ፤ መሃል ላይ አንድ ማንጎ፣ ጥግ ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ። አንዱ ቤት የእኛ ነው። ሁለተኛው የባለሱቁ ነው፤ ባልየው ቀኑን ሙሉ መሃል ከተማ ሱቁ ውስጥ ስለሚውል ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስቱ ናት። ወሎዬ ናት፤ ሳቋ ከባሮ ማዶ ይሰማል። ሦስተኛው ቤት ከሾፌርነት ጡረታ የወጡ አኙዋክ ሽማግሌ አሉ፤ ትንሽ ይናገራሉ፣ የተናገሩትን ግን ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል።

ቡናው በተራ ነው። ዛሬ ባለሱቁ ቤት፣ ነገ ሽማግሌው ቤት ትልቋ ልጃቸው ታፈላለች፣ ከነገ ወዲያ እኛ ቤት። ተራ መዝለል አይቻልም። የሚከለክል ኖሮ አይደለም፤ ተራውን የዘለለ ቤት የተጣላ ቤት ስለሆነ ነው። የታመመም ያፈላል፤ ሊጠይቀው የመጣም ይጠጣል። ተጠርቶ መቅረትም እንደዚያው ነው። «ደክሞኛል» የሚባል ምክንያት የለም፤ ቡናው የሚፈላው ለድካም አይደል እንዴ?

ሚስቴ ይህን ሁሉ ዓመት ተራዋን አልዘለለችም። ሌሊቱን ሙሉ «ግፊ፣ አይዞሽ፣ ግፊ» ስትል አድራ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከሰል ታያይዛለች። ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ አቦሉን ትቀዳለች፣ ቶናውን ትጥላለች፣ በረካው እስኪያልቅ ተቀምጣ ትስቃለች። የሌላው ቤት ተራ ሲሆንም ልብሷን ሳትቀይር ይጠሯታል፤ ትሄዳለች። ስታበቃ አራት ሰዓት ሆኗል፣ ቆርቆሮው ጠባዩን ለውጧል።

አንድ ጠዋት የምትቆላበትን ብረት ምጣድ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ከጎደሬ የመጣው ያ ምን የመሰለ ቡና ከሰል ሆነ። እኔ ነቅቼ የወጣሁት በባለሱቁ ሚስት ጩኸት ነው።

«ሲስተር! የሚቃጠለው ቡናው ነው ወይስ ቤቱ?»

ሁሉም ሳቁ፤ ሚስቴም አብራ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ቤት አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። ተራችን ሲደርስ፣ ሥራ በዝቶባት ነው እየተባለ፣ የሽማግሌው ልጅ በእኛ ፈንታ ታፈላ ጀመር። ከሆስፒታሉ ቤት የምትደርሰው እኔ ለከሰዓቱ ፈረቃ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ሆነ። እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች፤ ስመለስ እሷ ለመውጣት ጫማዋን ታጠልቃለች። ሁለት ልጆች ወልደን፣ አሳድገን፣ ዩኒቨርሲቲ ሰደን፣ በስተመጨረሻ በር ላይ ሰላም የምንባባል መንገደኞች ሆንን።

«ሥራ በዛ እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን እዚያው በራችን ላይ።

«አልበዛም። እዚያው ነው የምተኛው።»

«የት እዚያው?»

«ተረኛ ክፍል። አልጋ አለ።»

«ከግድግዳው ወዲያ ሴቶች እየጮኹ?»

«ምጥ ነዋ። እሱን ለምጄዋለሁ» አለችኝ፣ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዛወረች። «የእናንተን ሳቅ ነው ያልለመድኩት።»

እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ቀልድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ባይሆንም አመሌ ነው። እዚያ ፊት ላይ ቀልድ አልነበረም። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁር ነገር ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

ያን ቀን ተማሪዎቼን ምን እንዳስተማርኳቸው እግዜር ይወቅ። ማታ ስመለስ ልትወጣ ስትል በሩን ተደግፌ ያዝኩና አወጅኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። አንቺ መጥተሽ ትተኛለሽ።»

«አንተ?» አለች፤ ከነገ ጀምሮ እኔ አዋልዳለሁ ያልኳት ይመስል። «አንተ ከሰል ፊት ብትቀመጥ ማን ያነሳሃል?»

እውነቷን ነው። ወገቤ ዱካ ላይ መቀመጥ ከተወ ቆይቷል። ቁጭ ካልኩ ለመነሳት ግማሽ ቀበሌ ያስፈልገኛል። ግን መላ ነበረኝ። አዲስ አበባ ቡና ቤት የሚሠራ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ከሰል ሳይነኩ፣ ሳይቀመጡ፣ ቆመው የሚያፈሉበት ዕቃ አለ ብሎ ከነገረኝ ቆይቷል። ደወልኩለት። በሚመጣ ሰው እጅ በአውሮፕላን ላከልኝ፤ እኔም በባጃጅ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ። መንገድ ላይ ፍተሻ አስቆመን። ጥበቃው ካርቶኑን ከፍቶ መፍጫውን አወጣ፤ እጀታ ያለው የብረት ቱቦ ነው፣ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቡና መፍጫ።»

«ሙቀጫ የለህም?»

«አለኝ።»

ጥበቃው እኔንም መፍጫውንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ለሰው ሲታዘን በሚታዘነው ዓይነት ካርቶኑን መልሶ ሰጠኝ።

ዕቃዎቹን መትከል አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጎጆ ስወጣ እንኳ ይህን ያህል አልለፋሁም። በኤሌክትሪክ የሚያፈላ ማንቆርቆሪያ አለ፤ አፉ እንደ ሽመላ አንገት ቀጭን የሆነ ሌላ ማንቆርቆሪያ አለ፤ እንደ ጥሩንባ አፉ የሰፋ የሸክላ ማጥለያ አለ፤ ማጥለያው ውስጥ የሚገባ ወረቀት አለ። ይህን ሁሉ የሚሸከም ጠረጴዛ ስላልነበረን ማሽኗ የተሸጠ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ከነፔዳሏ ከጓዳ አወጣሁ። ጉንዳን እንዳይወጣባት አራት እግሯን አራት ጣሳ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ውሃው በማግስቱ ይደርቃል፣ እሞላለሁ፤ እንደገና ይደርቃል። ጉንዳኖቹ ጣሳው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ድርቁን ይጠብቃሉ፤ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት ነበራቸው።

ከሁሉ የከበደው ቦታው ነበር። ማእድ ቤቱ ውጭ ስለሆነ መብራት የለውም። በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ ሳሎን፣ በመኝታ ቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ የሚሉት ስስ ጣውላ ነው። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የሚስቴ ትራስ አለ። ይህን እያወቅሁ ጠረጴዛዋን እዚያው አስጠግቼ፣ ባለ ጆሮዎቹን ሲኒዎች ግድግዳው ላይ በምስማር ደርድሬ ሰቅዬ፣ ራቅ ብዬ አየሁትና «አቤት ማማሩ!» አልኩ። የተማረ ሰው ነኝ እኮ።

ተራችን ሲደርስ ሚስቴን ለመንኳት። «ነይና ተኚ። አንድ ነገር አትነኪም።» መጣች። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ስትከፍት እኔ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ እንደ ሙሽራ ሚዜ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያዋን ሲኒ ለእሷ ነበር ያዘጋጀሁት። ሌሊቱን ሙሉ የለፋ ሰው ያለ ቡና እንዴት ይተኛል? ወፈር አድርጌ ነው የሠራሁት።

ሲኒዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠረጴዛዋን አየች። ቆማ ጠጣችው።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» ብላ ሲኒዋን መለሰችልኝና ገባች። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

ጎረቤቶቼ፣ የባለሱቁ ሚስትና ሽማግሌው፣ መጡ። ሌላ ጊዜ ማንጎው ሥር ነበር የምንቀመጠው፤ ዛሬ ማፍያው ቤት ውስጥ ስለሆነ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። መፍጨት ጀመርኩ። ወንድሜ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር የዚህን መፍጫ ድምፅ ነው። ዲማ ወርቅ ፍለጋ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ሰምተውት «ማነው የቀደመን?» ሳይሉ አልቀሩም። ለካ ክንዴ ሲሠራ እግሬም ዝም አላለም፤ የስፌት ጠረጴዛዋን ፔዳል እየረገጥኩ ነው።

«ቲቸር» አለች የባለሱቁ ሚስት፣ «ቡናውን ልትሰፋው ነው እንዴ?»

ሳቋ ኮምፔርሳቶውን አነቃነቀው። «ቀስ በይ፣ ተኝታለች» አልኳት።

«ማን፣ ሲስተር? በዚህ ጠዋት? ቡና እየተፈላ?» አለችና ድምጿን ወደ መኝታ ቤቱ ላከችው። «ሲስተር! እንዳያመልጥሽ! ባልሽ ቆሞ ቡና እያፈላ ነው!»

ወረቀቱን አስገባሁ፣ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ውሃውን በቀጭኑ አንቆረቆርኩ። ጠብ አለ። ቆየና ደግሞ ጠብ አለ። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለች የባለሱቁ ሚስት።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ቲቸር፣ ይሄ ራዲያተር ነው። ቀዳዳ አለው» አሉ።

በመጨረሻ አቦሉ ደረሰ። ጠጡት። ከጠጡ በኋላ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተመቻቹ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ቶና እየጠበቁ ነው። የዚህ ዕቃ ቡና ደግሞ አንዴ ከወረደ ወረደ፤ ቶና የለውም። ወንድሜ የሚሠራበት ቡና ቤት ደንበኛ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ ቤት ግን ማን ይሄዳል?

«አለቀ» አልኩ ለዘብ ብዬ።

«ምኑ?»

«ቡናው።»

የባለሱቁ ሚስት ሳቋ ጠፋ። «ቲቸር ሙት፣ በአንድ ሲኒ ልታባርረን ነው? እኛ ምን አደረግንህ?»

ምን ላድርግ? ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ ዱቄት፣ እንደገና ውሃ አንቆረቆርኩበት። ቶናው ወረደ፤ ሻይ መሰለ። ጠጡት። ለሦስተኛ ጊዜ አንቆረቆርኩ። ወረቀቱ ተቀደደ፣ አተላው ቁልቁል ወረደ፤ በዘይት ማጥለያ ጨርቅ አጠለልኩት። በረካው ሲደርስ መልኩ ዝናብ የነካው ግድግዳ ነበር። ሽማግሌው ሲኒያቸውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ታቹን አዩና ጨለጡት። ከሰል ላይ ቢሆን ይህ ሁሉ አልቆ ሲኒውም ታጥቦ ነበር።

በረካውን እየጠጣን ሳለ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሚስቴ ነጠላዋን አድርጋ ወጣች። ዓይኗ ደም ለብሷል። «እንደምን አደራችሁ» አለች፤ በየተራ ሰላም አለቻቸው፣ የባለሱቁን ሚስት ልጆች ደህንነት ጠየቀች። ከዚያ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

ተከትያት ወጣሁ። «ወዴት ነው?»

«ልተኛ።»

«የት?»

«ሥራ ቦታ» አለችና ባጃጅ አስቆመች።

ማታ ለሥራ ልትወጣ ስትል በር ላይ ጠበቅኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ያሰብኩት ስለ መፍጫው ነበር፤ ስለ ሳቁ፣ ስለ ፔዳሉ። ሁሉንም ዘርዝሬ ከጨረስኩ በኋላ «ቡናው ግን ጥሩ ነበር ብለሻል» አልኳት፤ ሰው የሚይዘው አንድ ነገር ይፈልጋል።

«ጥሩ ነበር» አለችኝ። «ግን ቡና ጠጥቶ ማን ይተኛል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት ጠጥተሽ አይደል የምትተኚው?»

«ማን ተኛ አለህ?»

ቀስ ብላ፣ አዲስ አበባ ድረስ በእግሯ ሄዳ የመጣች ያህል በደከመ ድምፅ ነገረችኝ፤ ከቡና በኋላ ጣሪያውን እያየች እንደምትጋደም፣ ልቧ እንደ ፈረስ እንደሚጋልብ፣ እኔ ለምሳ ስቀሰቅሳት ዓይኗን የምትገልጠው ተኝታ ስለነበር ሳይሆን ጨፍና ስለነበር እንደሆነ። «ታዲያ ለምን አትዪም?» አልኳት። «ምን ልበል? ቡናችሁን አልጠጣም ልበል?» አለችኝ። በእኛ ግቢ ይህ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ተራው የባለሱቁ ቤት ነበር። ማንጎው ሥር እንደተቀመጥን እኔ ቆምኩ። ተቀምጬ መናገር ያለብኝን ነገር ቆሜ የምናገረው አስተማሪ ስለሆንኩ ነው።

«የእኛ ቤት ከተራው ይውጣ» አልኩ።

ቡና የምትቀዳው የባለሱቁ ሚስት እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምን አጠፋን?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም! ሰው ዝም ብሎ ከተራ ይወጣል? ቲቸር፣ ስለ ጉንፋኑ ነው? እየቀለድኩ እኮ ነው! ወላሂ ቡናህ ጥሩ ነበር።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ነገር ለማጋነን እንጂ እንባ ለማየት አቅም የለኝም። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ተረኛ ክፍሉ አልጋ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ተጨፈነው ዓይኗ።

ከዚያ የባለሱቁ ሚስት ጀበናውን አስቀመጠች።

«እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምጠራት» አለች፣ «ብቻዋን ተኝታ እንዳትቀር ብዬ ነው። ሌሊቱን ከሰው ደም ጋር አድራ ብቻዋን ስትጋደም አይጨንቃትም? እያልኩ… እሷም ስጠራት ትመጣለች። ስትስቅ ደግሞ ደስ ያላት ይመስለኛል።»

«እኔም የመሰለኝ እንደዚያ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከተራ አትወጡም» አሉ። «ቲቸር፣ ያንን ራዲያተር ወደ እኔ በረንዳ አምጣው። የእኔ ቤት ከእናንተ ራቅ ይላል። መስኮት አጠገብ ሶኬት አለኝ። ተራው የእናንተ፣ በረንዳው የእኔ።»

«ሲስተርስ?» አልኩ።

«ሲስተር ትተኛ።»

እንዲህ ሆነና በሳምንት ልፋት የተከልኩትን ነቀልኩት። የስፌት ጠረጴዛዋን በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላ ወገን የባለሱቁ ሚስት ተሸክመን ግቢውን አቋረጥን፤ እሷ ልጅ ያዘለች ያህል ሲቀልላት እኔን ወገቤ ሁለት ጊዜ አስቆመኝ። ከቤቴ ግድግዳ የነቀልኳቸው ምስማሮች ቀዳዳ አሁንም አለ። ሰው ቤቱ ውስጥ ነው የቡና ማፍያ የሚኖረው፤ የእኔ ሰው ቤት ነው ያለው።

ተራችን እንደገና ሲደርስ ሚስቴ እንድትመጣ ማልኩላት። መጣች። እኛ በረንዳው ላይ ነበርን፤ ቀና ብለን አየናት። እሷም እንደ ወትሮው መሃል ግቢ ላይ ቆመች፣ ቦርሳዋን እንደያዘች፣ የሚጠራትን ድምፅ እየጠበቀች።

«ሲስተር፣ ደክሞሻል» አለች የባለሱቁ ሚስት። «ግቢና ተኚ።»

ሚስቴ አልገባችም። ዓይኗን ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሽማግሌው አዞረች። ወደ በረንዳው ጠጋ አለችና በለሆሳስ «ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አልተጣላንም።»

«ታዲያ ለምንድነው ቡና ጠጪ የማይሉኝ?»

«ስለተጣላን አይደለም፣ ስለ…»

«አንድ ሲኒ ብቻ ልቅመስ እንዴ፣ እንዳይከፋቸው?»

«ዋ!» አለች የባለሱቁ ሚስት ሲኒውን ወደ ጉያዋ እየሸሸገች። «እዚህ ደረጃ ላይ እግርሽን ብታነሺ እኔና አንቺ እስከ መጨረሻው ተኳረፍን! ሂጂ ተኚ!»

ሚስቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ ሳቀች ከማለት ሳቋ ወጥቶ መንገድ ላይ ደከመው ማለት ይሻላል። ተመለሰችና ገባች። በሩ ተዘጋ።

እኛም ቡናችንን በሹክሹክታ ጠጣን። የባለሱቁ ሚስት ከተወለደች ጀምሮ አንሾካሹካ አታውቅም፤ ስታንሾካሹክ ጎማ የሚተነፍስ ይመስላል። ቀልድ በመጣባት ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትወትፋለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል። ሽማግሌው አቦሉን ጠጥተው «ይበቃል» አሉ፤ ቶና ሳይወርድ ማንም ሳይቀየም ተነሳን። በግቢያችን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለፈረቃዬ ልብስ ልቀይር ስገባ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነበር። ቤቱ ምድጃ ሆኗል። ሚስቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በደረቷ ተኝታለች፤ አንድ እጇ ከአልጋው ወርዶ መሬት ነክቷል፣ ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ ወይ ተኝታ እንደሆነ ለማወቅ ጎንበስ ብዬ ረጅም ጊዜ አየኋት። እያንኮራፋች ነበር። ትዳር ከመሠረትን ጀምሮ «አንተ ነህ የምታንኮራፋው» እየተባልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀስቅሼ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት።

እኔም ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ነው ያለሁት። ጎኗ ጋደም ማለት አማረኝ፤ አልጋው ግን ይንቋቋል፣ ተማሪዎቹም ይጠብቃሉ። ሸሚዜን ቀየርኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጣቴ እየረገጥኩ ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ሲኒ የሚያጥቡት ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። እጄን ጉንጬ ሥር አድርጌ ጭንቅላቴን ዘመም አደረግሁላቸው።

«አንተም ደክሞሃል ቲቸር» አሉኝ ዝግ ብለው።

«ክፍል አለኝ» አልኩና ጫማዬን ለማጥለቅ ተቀመጥኩ፤ ተነሳ ብዬ ወገቤን እስክለምነው ድረስ ትምህርት ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ አለፈኝ።